ሸሪክ ሲወጣ በስንት ነው የሚወጣው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ለትናንሽ ነጋዴዎች ሂሳብ የምሠራ ሴት ነኝ፣ ጀልባ ያለው በሉት፣ አሳ የሚነግድ፣ ጁስ ቤት፣ ፔንሲዮን፣ ጋራዥ፣ የሁሉንም ደረሰኝ ከየኪሳቸው እየለቀምኩ ዓመቱ ሲያልቅ ለገቢዎች የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ሽርክና ነው፣ ግን ሁሌ እንደሚባለው ተደራጁ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ባለሀብት ሳቡ የሚለውን ልደግምላችሁ አይደለም፣ እሱንማ ጠግበነዋል። እኔ የሚከነክነኝ መውጫው ነው። አንዱ በቃኝ ሲል ወይ ሌላኛው በቃህ ሲለው ድርሻው በስንት ይገዛል፣ በየትኛው ቀን ዋጋ፣ ማን ገምቶት፣ በስንት ጊዜ ተከፍሎ? ይሄን ማንም አይጽፍም፣ ሰዎቹም ሲጀምሩ አይነጋገሩበትም፣ ገና ሥራው ሳይጀመር ስለ መለያየት ማውራት ሟርት ይመስላቸዋል፣ እንዲያውም አንዱ ካነሳው "ምን አስበህ ነው?" ተብሎ ይጠረጠራል።

በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ቁጥሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ የሰው ገበና ነው። ሁለት ሰዎች በጣና ላይ አንድ ጀልባ ነበራቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው ጋሼ እንበላቸው፣ ሌላው ጀልባውን የሚነዳው ወጣት ነው። እኩል አዋጥተው ነው የገዙት፣ 2014 ላይ፣ ዶላር ሃምሳ ብር ግድም በነበረበት ጊዜ። ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን፣ ወደ አባይ መውጫው ጉማሬ ለማየት፣ ጥሩ ይሠሩ ነበር። ከ2015 ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ፈረንጁ ቀረ፣ የአዲስ አበባው ጎብኚም ቀረ፣ ቤንዚኑም እንደልብ አይገኝም፣ የቀረላቸው ተሳላሚና የሠርግ ሰው ብቻ ሆነ። ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ሃምሳ ሰባት ግድም የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ጋሼ በዚህ መሀል ታመሙ፣ ገንዘብ ፈለጉ፣ ድርሻዬን ግዛኝ አሉ።

ልጁ "ጋሼ ያወጡትን ልመልስልዎ" አላቸው፣ ከልቡ ነው፣ ቸር የሆነ መስሎታል። እሳቸው ደግሞ "ልጄ፣ ሱቅ ግባና ያን ሞተር ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠይቅ እስቲ" አሉት። ከዛች ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ተበላሸ።

እንበል ጀልባውና ሞተሩ ያኔ 600 ሺህ ብር ወጥቶባቸዋል፣ የጋሼ ግማሽ 300 ሺህ ነው። ዛሬ ያንኑ አዲስ ግዛ ብትሉኝ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ይፈጃል፣ ግማሹ 700 ሺህ። ልጁ 300 ይላል፣ ጋሼ 700 ይላሉ፣ ሁለቱም አልዋሹም ደግሞ ሁለቱም ልክ አይደሉም። የልጁ ሂሳብ ብሩ እንዳልረከሰ ያስመስላል፣ የጋሼው ደግሞ ያገለገለን ሞተር ከካርቶን እንደወጣ ይቆጥረዋል። ማንም ያላነሳው ሌላ ሂሳብ ደግሞ አለ፣ ጀልባው ነዳጁ፣ ጥገናውና የነጂው ደሞዝ ሲቀነስ በዓመት 120 ሺህ ብር ብቻ ነው የሚተርፈው ብንል፣ ገንዘቤ በአራት ዓመት ይመለስልኝ የሚል ገዢ ለጠቅላላው ከ480 ሺህ በላይ አይሰጥም፣ ግማሹ 240 ሺህ ነው። አያችሁ አንድ ጀልባ ነው፣ አንድ ግማሽ ነው፣ ዋጋው ግን ከ240 እስከ 700 ይወዛወዛል፣ እና ውሉ ላይ የትኛው እንደሆነ የሚል አንድ መስመር የለም። ውሉ ራሱ ከደብተር የተቀደደ ባለመስመር ወረቀት ነው፣ "ትርፍና ኪሳራ እኩል እንካፈላለን" ይላል፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበታል አለቀ።

ሽማግሌ ገባ፣ እንደ ደንቡ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው "ዕቃውን ሳናይ ምን እንፈርዳለን" ብለው ሁላችንንም ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዱን፣ እኔም ደብተሬን ይዤ ተከተልኩ። መካኒኩ የሞተሩን ክዳን አነሳ፣ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በመዳፉ ላይ ደረደራቸው፣ ሁለቱ ቡናማ ናቸው አንዱ ግን ጥላሸት የጠጣ ጥቁር ነበር፣ አሽትቶት ዘይት ነው አለ። ፕሮፔለሩን አዞረው፣ አንዱ ክንፍ ድንጋይ ነክሶት ጫፉ ተቆርጧል፣ ሥሩ ላይ የደረቀ እምቦጭ እንደ ገመድ ተጠምጥሞበታል። ከዛ ወርዶ ውሃው ከሚደርስበት መስመር ላይ ላሜራውን በጣቱ አንጓ እየመታ ዞረ፣ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ፣ ደግሞ መታው፣ ጋሼን ቀና ብሎ አያቸው። ጋሼ ምንም አላሉም። ልጁ ግን "እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር ይበየድ ብዬ" አለ፣ ይሄኔ ሌላ ጥያቄ ተነሳ፣ ሥራ በጠፋበት ጊዜ ሁሉ ልጁ ጀልባውን ሲጠብቅ፣ ዝናብ የሞላውን ውሃ ሲቀዳ፣ ካናቴራውን አውልቆ እምቦጩን ሲነቅል ደሞዝ አልተከፈለውም። እሱስ? የእሱ ድካም ከየትኛው ግማሽ ላይ ነው የሚታሰበው? በኔ እምነት ይሄ ከጀልባው ዋጋ ጋር መቀላቀል የለበትም፣ ሽርክናው ለልጁ ያለበት ዕዳ ነው፣ ለብቻው ተቆጥሮ ሁለቱም እኩል ይሸከሙታል ከዛ ነው የጀልባው ዋጋ የሚመጣው።

ሽማግሌዎቹ ግን ያው ልማዳቸው ነው፣ 300 እና 700 ሲባል መሀል ላይ ሄደው 500 ሺህ ብለው ቆረጡ። ሽማግሌን አከብራለሁ፣ እነሱ ባይኖሩ ስንቱ ሸሪክ በዱላ ይለያይ ነበር። ነገር ግን የሁለት የተሳሳቱ ዋጋዎች መሀል ዋጋ አይደለም፣ ማንም ተነስቶ ሰማይ የሚነካ ቁጥር ቢጠራ መሀሉ ወደሱ ይሳባል እኮ። መካኒኩ ጋር ተቀምጠን ያገለገለውን ስንቀንስ ጀልባው እንዳለ ከአዲሱ ስልሳ በመቶ ያወጣል ብሎ ነበር፣ 840 ሺህ ማለት ነው፣ የጋሼ ግማሽ 420 ሺህ። እኔ የምደግፈው ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም ልጁ ጋሼን ባይገዛ ኖሮ ተመሳሳይ ያገለገለ ዕቃ በዚሁ ዋጋ ነበር ፈልጎ የሚገዛው። "ገቢው ግን ይሄን አይችልም" ካለ እውነቱን ነው፣ እሱ መታየት ያለበት ግን በክፍያው ርዝመት ላይ ነው እንጂ በዋጋው ላይ አይደለም።

አንድ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ርስት ስንካፈል አንዱ ይከፍላል ሌላው ይመርጣል እንደሚባለው ልጁ ዋጋ ይጥራ፣ ጋሼ ደግሞ በዛው ዋጋ ወይ ይሽጡ ወይ ይግዙ አሉ። ብልህ ነገር ነው፣ ዝቅ አድርጎ የጠራ በዝቅታው ይሸጣል፣ ከፍ አድርጎ የጠራ በከፍታው ይገዛል፣ ስለዚህ ጠሪው ሐቀኛ ይሆናል። የሚሠራው ግን ሁለቱም ሥራውን መምራት ሲችሉ፣ ሁለቱም ኪሳቸው ውስጥ ገንዘብ ሲኖር ወይም ከባንክ ብድር ሲያገኙ ነው። ጋሼ ሞተር ማስነሳት አይችሉም፣ ፈቃዱም በልጁ ስም ነው፣ ታመዋል ደግሞ፣ ታዲያ ምን ብለው ነው የሚገዙት? ምርጫ የሌለውን ሰው ምረጥ ማለት ነው። እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ጓደኛሞች ፔንሲዮን ወይ ጋራዥ ሲካፈሉ ግን ከዚህ የተሻለ አላየሁም፣ ገንዘብ ለማፈላለግ ሁለትና ሦስት ወር ጊዜ ይሰጣቸው እንጂ።

ክፍያው ላይ ደግሞ ወቅት አለ። ጀልባ ገንዘብ የሚይዘው መቼ እንደሆነ እዚህ የሚኖር ያውቃል፣ ጥር 7 ለሥላሴ ወደ ደቅ ናርጋ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ የካቲት 16 ደግሞ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ልጁ ከገና በፊት ይውጡልኝ ይላል፣ ጋሼ ከየካቲት በኋላ እወጣለሁ ይላሉ፣ ምክንያቱም የዓመቱ ገቢ ያለው እዛ መሀል ነው። በመጨረሻ ስምምነቱ የመጀመሪያው ክፍያ በጥር መጨረሻ፣ ቀጣዩ በየካቲት፣ የቀረው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወቅት ሆነ። ለቀሪው ልጁ ቼክ ልስጥ ሲል እኔ ነኝ የተቃወምኩት፣ ብዙ ሰው ቼክ ላይ የወደፊት ቀን ከተጻፈ እስከዛ ቀን የተጠበቀ ይመስለዋል፣ ቼክ ግን ባንክ በቀረበ ቀን የሚከፈል ነገር ነው፣ ስንቅ ከሌለው፣ ማለትም ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ፣ ደግሞ ወንጀል ነው፣ ልጁን እስር ቤት አፋፍ ላይ አስቀምጦ የሚደረግ ስምምነት ደስ አይልም። ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ፣ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ሞተሩን እንደያዝከው እየሠራህበት ለዕዳ መያዣ አድርገህ ማስመዝገብ ይፈቅዳል፣ መዝገቡ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። ጋሼ ሞተሩ ላይ መብት ይኖራቸዋል፣ ልጁም ጥምቀትን ይሠራበታል። ይሄን የሚያውቅ ነጋዴ በሰፈራችን ፈልጋችሁ አታገኙም።

ሁሉም አለቀ ተብሎ ምርቃት ሊጀመር ሲል የጋሼ ባለቤት "እኔ ሳልፈርም ነው እንዴ?" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ እሳቸው ልክ ናቸው። በትዳር ውስጥ የተገኘ የጋራ ሀብት ሲሸጥ የቤተሰብ ሕጉ የትዳር ጓደኛን ስምምነት ይፈልጋል፣ ድርሻም ሀብት ነው፣ ያለሳቸው ፊርማ የተሸጠ ድርሻ ነገ ፍርድ ቤት ይፍረስልኝ ሊባልበት ይችላል። ፈረሙ፣ ምርቃቱም ከዛ በኋላ ሆነ።

ከሁሉ የባሰው ግን ዋስትና ነው፣ እዚህ ላይ ረዘም ላድርግባችሁ። ጀልባው ሲገዛ ጎድሎ ስለነበር ከአንድ አበዳሪ ተቋም ብድር ወስደው ነበር፣ ብድሩ በልጁ ስም ሆኖ ጋሼ በቤታቸው ካርታ ዋስ ነበሩ። ድርሻቸውን ሲሸጡ ሁሉም ሰው ከነገሩ የወጡ መስሎት ነበር። አልወጡም! ድርሻቸውን ሸጡ እንጂ ዋስትናቸውን አልሸጡም፣ አበዳሪው ያኔ የፈረመው ከጋሼ ጋር ነው፣ በነሱ መሀል የተደረገ ስምምነት አበዳሪውን አያስገድደውም፣ ልጁ አንድ ወር ባይከፍል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፣ ያውም ትርፉን ለማይካፈሉት ጀልባ። ስለዚህ ድርሻ ስትሸጡ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት አበዳሪው ጋ ሄዳችሁ ወይ ሌላ ዋስ ይተካ ወይ ዕዳው ከመሸጫው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ይዘጋ፣ ዋስትናው መውረዱን የሚገልጽ ደብዳቤም በእጃችሁ ያዙ። በቃል "እሺ እናስተካክላለን" የሚባለውን አትመኑ፣ የሚያስተካክለው ሰውዬ ይቀየራል። የዚያን ተቋም ስም አልጠራም፣ የእነሱ ጥፋት አይደለም፣ ወረቀታቸው የሚለውን ነው ያደረጉት።

ሕጉንም ካነሳን፣ እንደነዚህ ዓይነቶቹ ሁለት ሰዎች ሳያውቁት የእሽሙር ማኅበር ናቸው፣ የንግድ ሕጉ የሚያውቀው ግን ያልተመዘገበና የራሱ ሰውነት የሌለው ሽርክና ማለት ነው፣ ለውጭው ሰው የሚታየው ፈቃዱ በስሙ የሆነው ብቻ ነው። ጋሼ ድርሻ አለኝ ቢሉ ማስረጃቸው ያች ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ናት። ከፍ ያለ ሥራ ያላቸው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁማሉ፣ እዛ ውስጥ ድርሻ ሲተላለፍ በጽሑፍ ሆኖ በማኅበሩ መዝገብ መስፈር አለበት፣ ለውጭ ሰው ከሆነ ደግሞ የሌሎቹ አባላት ፈቃድ ይጠየቃል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ጊዜ አንድ ሰው ሸሪኩን ገዝቶ ብቻውን ቢቀር ማኅበሩ አደጋ ላይ ነበር፣ ሁለት አባል ያስፈልግ ነበራ፣ ለዚህ ነው ሰዉ አንድ ድርሻ ለሚስቱ ወይ ለወንድሙ እየሰጠ በስም ብቻ አባል የሚያደርገው። ያ ሰው ደግሞ ሲኳረፍ አባል መሆኑ ትዝ ይለዋል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለአንድ አባል የግል ማኅበር ፈቅዷል፣ ባለቤቱ ቢሞት ወይ ችሎታ ቢያጣ የሚተካውን ሰው ከሰየመ ብቻውን መቀጠል ይችላል። ስለዚህ ሸሪካችሁን ገዝታችሁ ስታስወጡ በቦታው የአክስት ልጅ መተካት የለባችሁም።

ግብሩንም አትርሱት። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በኩባንያ ድርሻ ሽያጭ ጥቅም ላይ 30 በመቶ፣ በንግድ ሕንጻ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፣ አዋጁ በ2017 ተሻሽሏልና ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የዛሬውን ስሌት ገቢዎች ሄዳችሁ ጠይቁ። ከተጨባበጡ በኋላ ግብሩን ማን ይክፈል ብለው እንደገና ሽማግሌ የጠሩ አሉ።

አንድ ጁስ ቤት ደግሞ ነበር፣ አንደኛው ድርሻውን በደህና ዋጋ ሸጦ ተሳስመው ተለያዩ፣ ሳምንት ሳይሞላ ፊት ለፊት ሌላ ጁስ ቤት ከፈተ፣ አቮካዶ የምትቆርጠውንም ልጅ ወሰዳት። ገዢው የገዛው እኮ ወንበርና ጁስ መፍጫ ብቻ አልነበረም፣ ደንበኛውን ነበር። ውላቸው ላይ ይሄን ያህል ዓመት በዚህ ሰፈር ተመሳሳይ ሥራ አልከፍትም የሚል ስላልነበረ ዛሬም እየተያዩ ይጨምቃሉ።

ከውጭ ገንዘብ የላከ ዘመድ ሲሆን ጭቅጭቁ ሌላ ነው፣ "እኔ የሰጠሁህ ዶላር ነው" ይላል፣ እዚህ ያለው ደግሞ "እኔ የተቀበልኩት ብር ነው" ይላል፣ ሁለቱም የዛን ቀን የተጻፈ ነገር የላቸውም። የኢንቨስትመንት አዋጁ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ድርሻውን ሲሸጥ ያገኘውን በውጭ ምንዛሪ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፣ እሱ ግን ካፒታሉ በባንክ ገብቶ ለተመዘገበለት ሰው ነው እንጂ በሰው እጅ በሻንጣ ለመጣ ገንዘብ አይሠራም።

እንግዲህ ጥያቄዬ እናንተን ነው። የሕግ አምድ አላችሁ፣ አንድ ጠበቃ ጠይቃችሁ ሸሪክ የሚወጣበትን አንቀጽ ናሙና አውጡልን፣ ረጅም አይሁን፣ ዋጋው በየትኛው ሂሳብ እንደሚቆረጥ፣ ገማቹን ማን እንደሚመርጥ፣ ዋጋው የሚያዝበት ቀን ድርሻ ይገዛ የተባለበት ቀን ይሁን ወይስ የሚከፈልበት፣ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ፣ ያልተከፈለ ድካም እንዴት እንደሚታሰብ፣ አንዱ ቢሞት ወራሾቹ ሸሪክ ይሁኑ ወይስ ገንዘብ ይውሰዱ የሚለውን ብቻ። ንግድ ምዝገባ የሚሠሩ ወገኖችም ይቺን ገጽ ለሚመዘገብ ሽርክና ሁሉ ቢሰጡ ወረቀት እንጂ ሌላ ወጪ አያመጣባቸውም። ሰው ገና ሲፋቀር ነው ይሄን በደህና የሚስማማው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ካጠራችሁ የጁስ ቤቱንም የግብሩንም ቁረጡት፣ የዋስትናውን ግን አደራ እንዳትቆርጡብኝ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ